ለርካሽ ምግብ ቤቶች የሚወጡ የአራዳ ስሞች፦ ስድብ ናቸው ወይስ የፍቅር ስም?

ጥያቄ፦ ቃል ለቃሚ

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣

ሰዎች በየቋንቋቸው ርካሽና ታይታ የሌለባቸውን ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች የሚጠሩባቸውን የአራዳ ስሞች እየሰበሰብኩ ነው። ሥራው ደስ ይላል፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ አላንቀሳቅስ ስላለኝ የእናንተን ሐሳብ እሻለሁ።

የስብስቤ መነሻ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «ግሪዚ ስፑን» የሚባለው ስም ነው። ትርጉሙ «ቅባታም ማንኪያ» ሲሆን፣ በወጉ ሳይታጠብ የቀረበ፣ ቅባቱ ገና ያልለቀቀ ማንኪያን ያስታውሳል። በዚህ ስም የሚጠራው ቤት ብዙውን ጊዜ አንድ ባንኮኒና ጥቂት ጠረጴዛዎች ያሉት፣ ከማለዳ ጀምሮ እንቁላልና ድንች የሚጠበስበት፣ ደንበኛው ሥራ ልብሱን እንደለበሰ ገብቶ ጠግቦ የሚወጣበት ቤት ነው። ስሙን ያወጣው ቤቱን የሚንቅ አላፊ አግዳሚ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከበደኝ ነበር። ነገር ግን ስሙን በየዕለቱ በአፉ የሚያላምጠው እዚያው የሚበላው ደንበኛ ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው ቤቱን ቢነቅፍበትም ተቆጥቶ የሚከራከረው እሱ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰው የሚወደውን ቤት ስለ ምን በቆሻሻው ይጠራዋል? ስሙ በስድብነት ተወልዶ ኋላ የተለመደ ነው ወይስ ከመጀመሪያውም የቅርበት መግለጫ ነበር? ሁለተኛ፣ በሌሎች ቋንቋዎች ቆሻሻን ሳይነኩ እነዚህን ቤቶች የሚጠሩ ስሞች አሉ ወይ? ካሉስ በምን ላይ ተመሥርተው ወጡ?

መልስ፦ ቀለም ቀንድ

ጥያቄዎ በጣም የሚያስደስት ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል ላይ የማውቀውን ላካፍል።

በመጀመሪያ «ዳይነር» እና «ግሪዚ ስፑን» የሚሉትን ስሞች መለየት ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋልና። ዳይነር የቤቱን ዓይነትና ቅርፅ የሚናገር፣ መልካምም ክፉም ያልሆነ ስም ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1872 ዋልተር ስኮት የተባለ ሰው በአሜሪካዋ ፕሮቪደንስ ከተማ በፈረስ የሚጎተት የምግብ ጋሪ በአንድ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ፊት ለፊት አቁሞ፣ ሌሎች ምግብ ቤቶች ከተዘጉ በኋላ ለሌሊት ሠራተኞች መሸጥ ሲጀምር ነው። ከጊዜ በኋላ ጋሪዎቹ ደንበኛውን ወደ ውስጥ የሚያስገቡ ሆኑ፤ ቀጥሎም የባቡር ፉርጎ በሚመስል ቅርፅ በፋብሪካ እየተሠሩ፣ ተጭነው እየተወሰዱ በየከተማው ይተከሉ ጀመር። ዳይነር የሚለው ስምም ከባቡር የመመገቢያ ፉርጎ የመጣ ነው። ግሪዚ ስፑን ግን ስለ ቅርፅ የሚናገረው ነገር የለም፤ በቤቱ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው። አንድ ዳይነር ቅባታም ማንኪያ ሊባል ይችላል፤ በጋራዥና በመጋዘን መካከል የተሸጎጠ ስም የለሽ ክፍልም እንዲሁ።

ስሙ በአሜሪካ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት የተለመደ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው «ሃሽ ሃውስ» የሚለው ስም ነበር። ሃሽ ተከትፎ ከድንች ጋር የተጠበሰ ሥጋ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሌላ ምግብ የተረፈው ሥጋ ስለሚገባበት በላተኛው ምን እየበላ እንደሆነ ማረጋገጫ አልነበረውም። በዚያ ቤት የሚያስተናግደውም «ሃሽ ስሊንገር»፣ ማለትም «ሃሽ ወርዋሪ» ይባል ነበር። እነዚህ ስሞች ሲወጡ ጥርጣሬና ንቀት እንደነበረባቸው አልጠራጠርም። ስለዚህ ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ የአሜሪካኖቹ ስሞች በነቀፋ ተወልደው በልምድ ለዘቡ የሚል ነው። ያለዘባቸውም፣ እንደሚመስለኝ፣ በእነዚያ ቤቶች ውስጥ የነበረው ጨዋታ ነው። አስተናጋጇ ከባንኮኒው ወደ ምድጃው ዞር ብላ «አዳምና ሔዋን በታንኳ ላይ!» ስትል በተጠበሰ ዳቦ ላይ የተቀመጡ ሁለት እንቁላሎች ማዘዟ ነው፤ «ሰባብራቸው!» ብላ ከጨመረች ደግሞ እንቁላሎቹ ተመትተው ይጠበሱ ማለት ነው። አንድ ምግብ ሲያልቅ «ሰማንያ ስድስት» ይባላል፤ ይህን ቁጥር ዛሬም በየአገሩ ያሉ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ምግብ ቤቶች ይጠቀሙበታል። ትዕዛዝ እንዲህ በሚጮህበት ቤት ዘወትር የሚመላለስ ሰው ቅባታም ማንኪያ የሚለውን ስምም የዚሁ ጨዋታ አካል አድርጎ ይሰማዋል።

በብሪታንያ ያለው ሁኔታ ይለያል። እዚያ የተለመደው የአራዳ ስም «ካፍ» ነው፤ ከፈረንሳይኛ የተወሰደውን «ካፌ» ጫፉን ቆርጠው ያወጡት ነው። በጽሑፍ ልዩነቱ ጥቂት ቢመስልም በአነጋገር ግን ሰውን ከሰው ይለያል፤ ካፍ ያለ ሰው ወዛደሩ ቁርሱን የሚበላበትን ቤት ማለቱ እንደሆነ ሰሚው ወዲያውኑ ይረዳል። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹን የከፈቱት ከጣሊያን የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። በምሥራቅ ለንደን በቤትናል ግሪን በ1900 የተከፈተው የፔሊቺ ካፍ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የውስጥ ግድግዳው በልዩ ልዩ ቀለም እንጨት ተገጣጥሞ በተሠራ ጌጥ የተሸፈነ ሲሆን፣ በ2005 በታሪካዊ ሕንፃነት ተመዝግቦ በሕግ የሚጠበቅ ሆኗል። ካፍ የተባለ ቤት የቅርስ መዝገብ ውስጥ መግባቱ ስሙ ከንቀት ምን ያህል እንደራቀ ያሳያል።

ለከባድ መኪና ሾፌሮች የተከፈቱት ደግሞ «ትራንስፖርት ካፌ» ይባሉ ነበር። በለንደን ዳርቻ በ1938 የተከፈተው ኤስ ካፌ ከእነዚህ ዋነኛው ነው። ኋላ ላይ ሞተር ብስክሌት ነጂ ወጣቶች ተሰባሰቡበት፤ ከአንዱ ካፌ ወደ ሌላው የሚሽቀዳደሙትም «ካፌ ሬሰር» ተባሉ። ዛሬ ይህ ስም የአንድ ዓይነት ሞተር ብስክሌት መጠሪያ ሆኖ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል፤ ከሚገዙት ብዙዎቹ ቃሉ ከሾፌሮች ምግብ ቤት እንደወጣ የሚያስቡ አይመስለኝም።

መልስ፦ አግዳሚ

ቀለም ቀንድ የጻፉትን በደስታ አንብቤያለሁ። ሆኖም ውይይቱ በእንግሊዝኛ ዙሪያ ብቻ ከቀረ ጠያቂያችን የአንዱን ቅርንጫፍ መልክ የዛፉ ሁሉ መልክ አድርገው እንዳይወስዱት እሰጋለሁ። በሁለተኛው ጥያቄ ላይ የምለው ብዙ ስለሆነ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

በናይጄሪያ በመንገድ ዳር ወይም በገበያ ጥግ አንዲት ሴት በትልልቅ ድስቶች ሠርታ የምትሸጥበት ምግብ ቤት «ማማ ፑት» ይባላል። ስሙ በቀጥታ ከደንበኛው አፍ የተወሰደ ነው፤ «ማማ፣ ጨምሪልኝ» እንደማለት ነው። ደንበኛው ድስቶቹ ፊት ቆሞ ይህንን ጨምሪ፣ ከዚያኛውም አድርጊልኝ እያለ ሳህኑ ሲሞላ ያያል። በጽሑፍ የሰፈረ ዝርዝር የለም፤ ልኩም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ አይደለም። የሚያገኘው ብዛት በእሱና በሴትዮዋ መካከል ባለው መግባባት ስለሚወሰን በዚያ ቤት ውስጥ ትልቁ ቃል ያ ትዕዛዝ፣ ወይም ልመና፣ ነው። የቤቱ ስም ለመሆንም የበቃው ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ በእጅጉ ርቃ በምትገኘው በታንዛኒያ፣ ምንም ዝምድና በሌለው ቋንቋ፣ ተመሳሳይ ቤት «ማማ ንቲሊዬ» ይባላል። ይህም በስዋሂሊ ያው «እናቴ፣ አድርጊልኝ» ነው። አንዱ ከሌላው ተዋሰ ብዬ ለማመን ይከብደኛል። በሁለቱም ቦታ ምግቡን የምትሠራው፣ የምትጨልፈውና ገንዘቡን የምትቀበለው አንዲት ሴት ናት፤ ሻጩና አብሳዩ አንድ ሰው በሆነበት ቦታ ደንበኛው የሚያነጋግረው ድርጅት የለም፣ የሚያነጋግራት ሰው ናት። ስሙም ሰውየዋን በማዕረጓ ይጠራል። እዚህ ላይ ስድብ የሚባል ነገር ከየት ይመጣል?

በፊሊፒንስ «ቱሮ ቱሮ» የሚባሉ ቤቶች አሉ። «ቱሮ» በጣት ማመልከት ማለት ነው፤ ሲደጋገም «እያመለከቱ» እንደማለት ይሆናል። የተሠሩት ምግቦች በመስታወት ጀርባ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ደንበኛውም የምግቡን ስም መጥራት ሳያስፈልገው ወደሚፈልገው በጣቱ ያመለክታል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን የካሜሩኖቹን «ቱርን ዶ» ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ «ጀርባ አዙር» ማለት ነው። ሥዕሉን ላስረዳ፦ በመንገድ ዳር አንድ ጠረጴዛ ይቆማል፤ በላዩ ድስቶቹና ሳህኖቹ አሉ፤ ከጀርባው ሴትዮዋ ቆማለች፤ ከፊቱ አግዳሚ ወንበር ተዘርግቷል። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ወደ ምግቡ፣ ጀርባው ወደ መንገዱ ነው። በዚያ መንገድ የሚያልፍ መንገደኛ የሚታየው በተርታ ያጎነበሰ ጀርባ ብቻ ነውና ቤቱ በዚያው ተሰየመ። ተመጋቢውም ከጓደኛ ወይም ከአለቃ ዓይን ጥቂት ይሰወራል። በዚህ ላይ በፈረንሳይኛ በአንድ ቃል የሚጻፍና ድምፁ ተመሳሳይ የሆነ፣ ውድ የሆነውን የበሬ ሥጋ ክፍል የሚጠራ ስም አለ። ስለዚህ ቱርን ዶ ልበላ ነው የሚል ሰው በአንድ አፍ ሁለት ነገር ይናገራል፤ በአንዱ የሀብታም ምሳ፣ በሌላው የመንገድ ዳር አግዳሚ። ይህን ያህል የታሰበበት ስም ያወጣ ሕዝብ ቤቱን ንቆ ነው ብዬ አልቀበልም።

እንግዲህ ከእነዚህ ስሞች አንዳቸውም ቆሻሻን አያነሱም። የተሠሩት ደንበኛው በዚያ ቤት በአፉ፣ በጣቱና በጀርባው ከሚያደርገው ነገር ነው።

መልስ፦ ጎዳና

አግዳሚ ያቀረቡት ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ቆሻሻን የሚጠሩት ስሞች የእንግሊዝኛ ብቻ እንዳልሆኑም መታወቅ አለበት። እንዲያውም ከአገር አገር እንዲህ መመሳሰላቸው አስደናቂ ነው። በብራዚል ሪዮ ዴ ጃኔሮ ተራው መጠጥና ምግብ ቤት «ፔ ሱጁ»፣ ማለትም «ቆሻሻ እግር» ይባላል፤ በቤሎ ኦሪዞንቼ ደግሞ «ኮፑ ሱጁ»፣ «ቆሻሻ ብርጭቆ» ነው። በቬትናም ርካሽ የሩዝ ምሳ የሚቀርብበት ቤት «ኮም ቡይ» ሲባል ትርጉሙ «የአቧራ ሩዝ» ነው። በቻይናዋ ቼንግዱ ደግሞ «ጻንግዪንግ ጓንዝ» የሚሏቸው አሉ፤ «የዝንብ ምግብ ቤት» ማለት ነው። አንዳንዶች ስሙ የመጣው ቤቱ ዝንብ ስለማያጣው ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጣዕሙ የሚስበው ሰው እንደ ዝንብ ስለሚወርበት ነው ይላሉ። ሁለቱም ማብራሪያዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የከተማዋ ሰዎችም እንግዳ ሲመጣባቸው የሚያውቁትን ምርጥ የዝንብ ምግብ ቤት ለማሳየት ይሽቀዳደማሉ።

የጠያቂያችንን የመጀመሪያ ጥያቄ በዚህ በኩል ልመልስ። እንደኔ አመለካከት፣ በእነዚህ ከተሞች የቆሻሻው ስም የምስክርነት ሥራ ይሠራል። ደንበኛው ማለት የፈለገው ባለቤቱ ገንዘቡን በግድግዳ ቀለም፣ በመጋረጃና በአስተናጋጅ ልብስ ላይ አላፈሰሰም፤ ስለዚህ የከፈልኩት ወደ ድስቱ ገብቷል ነው። ይህን የሚያጠናክር ነገር በሪዮ ታይቷል። ባለሀብቶች የድሮውን ተራ ቤት መልክ እየገለበጡ፣ ግድግዳውን በሸክላ ጡብ እያስጌጡ ውድ ዋጋ የሚያስከፍሉ ቤቶች ሲከፍቱ ሕዝቡ «ፔ ሊምፑ»፣ ማለትም «ንጹሕ እግር» አላቸው። የሚያሳማው ንጹሑ ነው እንጂ ቆሻሻው አይደለም።

ሆኖም ቆሻሻን የሚጠራ ስም ሁሉ የፍቅር ስም ነው ብሎ መደምደም ትክክል አይሆንም። የሩሲያኛውን እንመልከት። «ዛቤጋሎቭካ» ሮጥ ብሎ ገብቶ የሚወጣበት ቤት ማለት ነው፤ ይህ ቀላል ነው። «ቶሽኒሎቭካ» ግን ከማቅለሽለሽ፣ «ሪጋሎቭካ» ደግሞ ከማግሳትና ከማስመለስ የተሠሩ ስሞች ናቸው፤ በእነዚህ ውስጥ ለዛ ብፈልግ እምብዛም አላገኘሁም። ልዩነቱን የሚያመጣው፣ በእኔ ግምት፣ የደንበኛው ምርጫ ነው። ከጎኑ ሌላ ቤት ያለለት፣ ሆኖም ወደዚያኛው መሄድን የመረጠ ሰው የቤቱን ቆሻሻ ስም በኩራት ይጠራል። በሥራ ቦታው አጠገብ ያለው አንድ ቤት ብቻ ስለሆነ እዚያ ለመብላት የተገደደ ሰው ግን ስሙን በምሬት ይጠራል። ስለዚህ ለስብስብዎ አንድ ሐሳብ ላቅርብ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ተናጋሪው አማራጭ ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለውንም ቢጽፉ መልካም ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። የእነዚህ ስሞች ምንጭ ሲተረክ ያማረው ታሪክ ሁልጊዜ እውነተኛው አይደለም። «ቢስትሮ» የሚለው ስም በ1814 ፓሪስ የገቡ የሩሲያ ወታደሮች አስተናጋጆችን «ቢስትራ! ቢስትራ!»፣ ማለትም «ቶሎ! ቶሎ!» እያሉ ከማጣደፋቸው የመጣ ነው ይባላል። በሞንማርትር ቴርትር አደባባይ ባለ አንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይም ይኸው ታሪክ በጽሑፍ ተለጥፎ ይነበባል። ይሁን እንጂ ቃሉ በፈረንሳይኛ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ከ1880ዎቹ ጀምሮ ነው። ወታደሮቹ ያመጡት ቢሆን ኖሮ ከ60 ዓመት በላይ በአንድም ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ይቆያል ማለት ይከብዳል፤ የቃላት ታሪክ አጥኚዎችም አብዛኞቹ ይህን ትረካ አይቀበሉትም። በስብስብዎ ውስጥ ካስገቡት እባክዎ በአፈ ታሪክነቱ ያስገቡት።

ቃል ለቃሚ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጎዳና የሰጡኝን የአማራጭ ጥያቄ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ማስፈር ጀምሬያለሁ፤ ሃሽ ሃውስንም እንደገና እንዳየው አድርጎኛል።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅ። እስካሁን ያነሣናቸው ስሞች ሕዝቡ ያወጣቸው ናቸው። መንግሥት ወይም ባለሥልጣን ለርካሽ ምግብ ቤት ስም ያወጣበት ጊዜ አለ? ካለስ ስሙ በሰው አፍ ገባ ወይ?

መልስ፦ ቀለም ቀንድ

አለ፤ ውጤቱ ግን እንደየቦታው ይለያያል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብሪታንያ መንግሥት በቦምብ ቤታቸው ለፈረሰባቸውና ራሽናቸው ላላዳረሳቸው ሰዎች በዝቅተኛ ዋጋ ትኩስ ምግብ የሚሸጡ ቤቶችን አቋቁሞ ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ስም «የማኅበረሰብ መመገቢያ ማዕከላት» የሚል ዓይነት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል ግን በመጋቢት 1941 ለምግብ ሚኒስትሩ ለሎርድ ዉልተን ጽፈው ስሙን ተቃወሙ፤ ኮሚኒዝምንና የድሮውን የድሆች መጠለያ ያስታውሳል የሚል ምክንያት ሰጥተው «ብሪቲሽ ሬስቶራንት» እንዲባሉ ሐሳብ አቀረቡ። በዚሁ ስምም ተጠሩ። ቸርችል የገባቸው ነገር ትክክል ይመስለኛል፤ ራቱን ከፍሎ የሚበላ ሰው «ማዕከል» ውስጥ እንደሚመገብ ሲነገረው ተረጂ የሆነ ያህል ይሰማዋል፤ ሬስቶራንት ሲባል ግን ደንበኛ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ ከላይ የወረደ ስለነበር ከጦርነቱ በኋላ ቤቶቹ እየተዘጉ ሲሄዱ እሱም አብሮ ጠፋ፤ ሕዝቡም ወደ ካፉ ተመለሰ።

የፖላንድ «ባር ምሌችኒ»፣ ማለትም «የወተት ባር»፣ የተለየ ዕድል ገጥሞታል። የመጀመሪያው ዋርሶ ውስጥ በ1896 በግለሰብ የተከፈተ ሲሆን፣ ስሙም ወተትና እንቁላል፣ ዱቄትና ጥራጥሬ ነክ ምግቦችን ስለሚያቀርብ የወጣ ነበር። ኋላ የኮሚኒስቱ መንግሥት ሲያስፋፋቸው ያንኑ ስም ይዞ ቀጠለ። ዛሬም በድጎማ የሚሠሩ አሉ፤ ተማሪም ጡረተኛም በዚያው ስም ይጠራቸዋል። እዚህ መንግሥት አዲስ ስም አልፈጠረም፤ ሰው የለመደውን ስም ወሰደ።

መልስ፦ አግዳሚ

ቀለም ቀንድ በተናገሩት ላይ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ የመንግሥት ወረቀት ራሱ ወደ አራዳ ቃልነት የተለወጠበት ነውና።

በሆንግ ኮንግ በአደባባይ የሚቆሙት የምግብ ድንኳኖች «ዳይ ፓይ ዶንግ» ይባላሉ፤ በካንቶንኛ «የትልቅ ፈቃድ ድንኳን» ማለት ነው። ስሙ የመጣው ነጋዴው እንዲሰቅለው ከሚገደደው የንግድ ፈቃድ ነው፤ የእነዚህ ድንኳኖች ፈቃድ ከሌሎች አዟሪ ነጋዴዎች ፈቃድ በመጠን ተለቅ ያለ ነበር። የፈቃዱን ትልቅነት ያየ ደንበኛ ምግቡንም ሰውየውንም ትቶ በወረቀቱ ጠራው። ከጊዜ በኋላ መንግሥት አዲስ ፈቃድ መስጠቱን ስላቆመና የነበሩትንም ማስተላለፍ ስላጠበበ እውነተኞቹ ድንኳኖች ጥቂት ብቻ ቀርተዋል። ስሙ ግን ከፈቃዱ ወጥቶ ለብቻው ይኖራል፤ በሕንፃ ውስጥ ያሉ፣ የተባለውን ትልቅ ፈቃድ ሰቅለው የማያውቁ ምግብ ቤቶች ሳይቀሩ ራሳቸውን ዳይ ፓይ ዶንግ ይላሉ።